አዲስ ፍሪሲዮን ሲንሸራተት፦ ካምቢዮ ዳግም ከማውረድ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ (የሚጨብጠው ዲስክ) እና እሱን የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት ተቀይሮ፣ ሁሉም ተመልሶ ታስሯል። መኪናው ዳገት ሲጀምር ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚሰድበው ዕቃውን ነው፤ «ፎርጅድ ነው» ይላል። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ሸራው ጤነኛ ነው፣ እንዳይጨብጥ የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ያልተንሸራተተውን ተንሸራተተ ማለት

«ፍሪሲዮኑ አልሠራም» የሚለው ቃል ሁለት ተቃራኒ በሽታዎችን ይሸፍናል። ፔዳሉ ተረግጦ ማርሽ አልገባ ካለ ወይም እየተፋጨ ከገባ ፍሪሲዮኑ አልተላቀቀም ማለት ነው፤ ይህ መንሸራተት አይደለም። መንሸራተትን ለመለየት ባዶ መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዱ አራተኛ ማርሽ ያስገቡና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይርገጡ። የሞተር ዙር መቁጠሪያው ዘሎ ፍጥነቱ ከቀረ ተንሸራቷል። ሁለቱም አብረው ቀስ ብለው ከወጡ ግን ጉዳዩ የሞተር ጉልበት ወይም የያዘ ፍሬን ነው። በአንደኛ ማርሽ መሞከር ብዙም አይረዳም፤ ያኔ ፍሪሲዮኑ ላይ የሚያርፈው ጫና ትንሽ ስለሆነ የታመመውም ጤነኛ ይመስላል።

የእጅ ፍሬን ይዞ በከፍተኛ ማርሽ ፔዳሉን ለቆ ሞተሩ ይጠፋ እንደሆነ የማየት ዘዴም አለ፤ ካልጠፋ ተንሸራቷል። አንዴ ይበቃል። ደጋግሞ የሚሞክር ሰው ለመመርመር የመጣውን ሸራ ራሱ ያቃጥለዋል።

ሁለተኛው፦ «ይላመዳል» ብሎ መተው

አዲስ ሸራ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ፊት ለፊት እስኪገጥም ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይፈልጋል፤ በእነዚያ ቀናት ትንሽ ሽታ ቢኖር አያስደነግጥም። ሜዳ ላይ ሳይቀር ዙሩ የሚዘል ከሆነ ግን መላመድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀን ሸራውን እያብረቀረቀው ይሄዳል። በተቃራኒው ገና በገጠመ ማግስት ከባድ ጭነት ጎትቶ ዳገት ላይ ፔዳል በግማሽ ይዞ የቆመ ሹፌርም ዕቃውን ባይወቅስ ይሻላል።

ሦስተኛው፦ ፔዳሉን ሳያዩ ካምቢዮውን ማውረድ

እኔ ራሴ በዚህ ተቀጥቻለሁ። አንድ መኪና ሲበርድ ደህና ነበር፣ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ይንሸራተታል። ካምቢዮውን ዳግም አወረድኩት፤ ሸራው ላይ አንዳች ነገር የለም። መልሼ አሰርኩት፣ አሁንም ያው። መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የተገኘው እግሬ ስር ነው፤ ከፔዳሉ ወደ ማስተር ሲሊንደሩ (የእግርን ግፊት ወደ ዘይት ግፊት ወደሚቀይረው) የምትገፋው ዘንግ ረዝማ ታስራለች። በአንድ ቁልፍ በአምስት ደቂቃ ያለቀ ሥራ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፔዳሉ ተለቆ የማስተሩ ፒስተን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ካልተመለሰ፣ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ቀጭን ቀዳዳ ተከድና ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መሄጃ ሲያጣ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን ኩሽኔታ ይገፋል፤ ኩሽኔታው የፕሬዠር ፕሌቱን ሞላ ይጫናል። ሹፌሩ ሳያውቅ ፔዳል በትንሹ ረግጦ እንደሚነዳ ቁጠሩት። ውስጡ ያበጠ አሮጌ ጎማ ቱቦና የማይመለስ የታችኛው ሲሊንደርም (የዘይቱን ግፊት ተቀብሎ ኩሽኔታውን የሚገፋው) ይህንኑ ያደርጋሉ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መኪናው ሞቆ መንሸራተት ሲጀምር አቁሙት፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የታችኛውን ሲሊንደር አየር ማስወጫ ቡሎን በትንሹ ፍቱ። ዘይቱ ተገፍቶ ከወጣና ቡሎኑ ተዘግቶ ሲነዱት ለጊዜው ከጨበጠ፣ ካምቢዮውን አትንኩ። ዘይቱ ቀለም ይበላል፣ ዓይንም ይጎዳልና መነጽር አይዘንጋ።

ፍሪሲዮኑ በዘይት ሳይሆን በካቦ (በሽቦ ገመድ) የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ስህተቱ የሚጀምረው ከገጠማው ቀን ነው። በብዙዎቹ መኪናዎች ሸራው ወፍራም ሲሆን የሞላው ጣቶች (ኩሽኔታው የሚጫናቸው ጫፎች) ከኩሽኔታው ይርቃሉ፣ ስለዚህ ፔዳሉ የላላ ይመስላል። ሰውየው ካቦውን ወጥሮ ወጥሮ ክፍተቱን ያጠፋዋል። ፔዳሉ ጫና ከመጀመሩ በፊት ባዶውን የሚሄድበት ርቀት መኖር አለበት፤ መጠኑ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የመኪናውን መመሪያ ይመልከቱ።

አራተኛው፦ አሮጌው ለምን እንደሞተ አለመጠየቅ

የወጣው ሸራ ዘይት ከነበረበት አዲሱም ያንኑ ይጠጣል። ዘይቱ የሚመጣው ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) የኋላ ፓራውሊዮ (ዘይት ማገጃ ጎማ) ወይም ከካምቢዮው የፊት ፓራውሊዮ ነው። ሁለቱ ዘይቶች በጠረንና በቀለም ይለያሉ፤ የካምቢዮ ዘይት ብዙ ጊዜ የሚሰነፍጥ የድኝ ሽታ አለው፣ የሞተሩ ይጠቁራል። ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ሽፋን ግርጌ የሚንጠባጠብ ካለ ከታች ሆነው ማየት ይቻላል። ደረቅ መሆኑ ግን ውስጡ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የካምቢዮው ዘንግ ጥርሶች ላይ በዝቶ የተቀባ ግሪስ ሲሽከረከር ተረጭቶ ሸራው ላይ ያርፋል፣ ወደ ውጭ ግን አይፈስም።

ዘይት የነካውን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ ገንዘብ ማዳን ይመስላል። የጠጣው ዘይት በመጀመሪያው ሙቀት ተመልሶ ይወጣል።

አምስተኛው፦ ቮላኖውን መርሳት

አዲስ ሸራ ባብረቀረቀ፣ ሰማያዊ ነጥብ ባወጣ ቮላኖ ላይ ጥሩ አይጨብጥም። ፊቱን ለማስላጥ ቶርኖ ቤት ሲወሰድ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ሸራው የሚያርፍበት ፊት ፕሬዠር ፕሌቱ ከሚታሰርበት ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ከሁለቱም እኩል መነሳት አለበት። ሸራው የሚያርፍበት ብቻ ከተላጠ ሞላው የሚጨብጥበት ኃይል ይቀንሳል፤ በዓይን ሲታይ ግን ሁሉም ያማረ ነው። አዲሱ ፕሬዠር ፕሌት ዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ከመጣ ሳይጠርጉ መግጠምም የተለመደ ነው።

ስለ ገጠማው በአጭሩ፦ የፕሬዠር ፕሌቱን ቡሎኖች በመስቀል አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ያልጠበቀ ሰው ሊያጣምመው ይችላል። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ዓይነት ያለ ልዩ መሣሪያው ከታሰረ ማስተካከያው ከቦታው ይሄዳል። ሸራው ተገልብጦ ከገባ ደግሞ ማዕከሉ የቮላኖውን ቡሎኖች ሊነካ ይችላል።

ካምቢዮው የግድ ከወረደ፣ ጨርቅ ከማንሳትዎ በፊት ይመልከቱ። በአንድ ጎን ወይም በጠርዙ ብቻ የተነካ ሸራ ስለ ጠመመ ፊት ይናገራል። ከመሃል ወደ ውጭ የተረጨ እርጥበት የግሪስ ወይም የፓራውሊዮ ምልክት ነው። ደረቅ፣ ዙሪያውን እኩል የተቃጠለ ከሆነ ደግሞ ወደ ፔዳሉ ይመለሱ።