የኮንዶሚኒየም ብሎካችንን እንዴት ሰፈር እናድርገው?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከቤቴ ስወጣ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ደረጃ የሚወርድ ወጣት አገኘሁ። ሰላም አለኝ። እኔም ሰላም ብዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አሳለፍኩት። ቤት የሚለቅ ተከራይ መስሎኝ ነበር። ማታ ስመለስ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ በሯ ተሰብሮ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ቴሌቪዥኑ የእሷ ነበር። ሁለት ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥተን ወርደን ስሟን የጠየቅኳት ያን ማታ ነው።

በድሮው ሰፈር ቢሆን እንግዳ ሰው ገና ከአጥሩ ሳይገባ «ማንን ፈልገህ ነው?» ይባላል። ኮንዶሚኒየም ግን ዕጣ ያገናኘው ሰው መኖሪያ ነው። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከፒያሳ፣ አንዱ ከክፍለ ሀገር መጥቶ በሩን ይዘጋል። ጉርብትናው በራሱ አይመጣም፣ መሥራት አለብን። እኛ የሄድንበት መንገድ ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ ቡና አፍሉ

ስብሰባ አትጥሩ። ስብሰባ ሲባል ሰው ገንዘብ ሊጠየቅ ይመስለዋል። ይልቅ እሁድ ከሰዓት ቡና አፍሉና ልጅ ላኩ። «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች» የሚል ልጅ በር ላይ ሲቆም እምቢ ማለት ይከብዳል። ሁሉንም ቤት በአንዴ መጥራት አያስፈልግም። ፊት ለፊታችሁ፣ ከላይና ከታች ካሉት ጀምሩ።

በአቦል ሰው ይግደረደራል። በቶና ስለ ውሃው መጥፋት ያማርራል። በረካ ላይ ሲደርስ ግን ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ስኳር እንዳለበት፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት ብቻዋን እንደምትመለስ ትሰማላችሁ። የሚፈለገውም ይህ ነው። በሚቀጥለው ወር ቡናው ወደ ሌላ ቤት ይዙር።

ሁለት ዓይነት ሰው እንዳይረሳ። አንዱ ተከራይ ነው። «ነገ ይሄዳል» ተብሎ ይታለፋል እንጂ ዛሬ ከግድግዳው ወዲያ ያለው እሱ ነው። ሌላዋ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ሁላችንም ሥራ ስንውል ቀን ቀን ብሎኩን የምታየው እሷ ናት። ስሟን እወቁ፣ ቡናውም ላይ ትቀመጥ።

ስልክ ተለዋወጡ

የቤት ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ችግር ቢመጣ የሚደወልለት አንድ ዘመድ። በቃ። ለየቤቱ ኮፒ አድርጉና በሩ ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፉት። ደረጃ ላይ አትለጥፉ፣ ሌባም ያነበዋል። ከታች 939 ለእሳት አደጋ፣ 991 ለፖሊስ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ብላችሁ ጻፉ። የቴሌግራም ግሩፕም ክፈቱ፣ ግን ለውሃ፣ ለመብራት፣ ለጠፋ ዕቃና ለአደጋ ብቻ ይሁን። ፖለቲካ የገባበት ግሩፕ ሰው ድምፁን ያጠፋበታል፣ በአደጋ ቀንም የሚሰማው የለም።

ሦስት ነገር ተስማሙ

አንደኛ፣ ዕቃ ይዞ የሚወርድ ሰው ይጠየቅ። በጨዋ ደንብ «የየትኛው ቤት ነው?» ብሎ ለባለቤቱ መደወል ማንንም አያስቀይምም፣ አስቀድማችሁ ከተነጋገራችሁ።

ሁለተኛ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ትርፍ ቁልፍ የሚያምኑት ጎረቤት ጋ ያስቀምጡ። እስከ ረፋድ መጋረጃቸው ካልተከፈተ አንድ ሰው ያንኳኳ።

ሦስተኛ፣ የጋዝ ሽታ ከመጣ ማንም መብራት አያብራ፣ የበራውንም አያጥፋ። ማብሪያ ማጥፊያው ትንሽ ብልጭታ አለው፣ እሷው ትበቃለች። ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ የደወሉን ቁልፍ ሳትነኩ የጎረቤትን በር በእጅ እየደበደባችሁ ውጡ። 939 ከውጭ ይደወላል። ይህንን ለልጆችም ለሠራተኞችም ደጋግማችሁ ንገሯቸው፣ አደጋው ሲመጣ ቤት የሚገኙት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉና።

የገንዘቡን ነገር ከእድር ተማሩ

የዘበኛ ደሞዝና የደረጃ አምፖል ገንዘብ ይፈልጋል። ብዙ ብሎክ የሚጣላውም እዚህ ላይ ነው። እድር ግን ስንት ዘመን ቆሟል። ለምን? መዝገብ አለው። የታወቀ ቀን አለው። መዋጮው ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ነው። የቀረ ይቀጣል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ይህንኑ ወደ ደረጃችሁ አምጡት። ወጪው በየወሩ በወረቀት ይለጠፍ፣ የአንዲት አምፖል ዋጋም ብትሆን።

የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር መሥርተው የጋራ የሆነውን ነገር እንዲያስተዳድሩ ይፈቅዳል። ብሎካችሁ ማኅበር ካለው ሥራችሁን በእሱ በኩል አድርጉ። ከሌለው መሥርቱ። እኔ ግን ቡናው ይቅደም እላለሁ። የማይተዋወቁ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር ማኅተም ይኖረዋል እንጂ ሰው አይኖረውም።

ባለፈው ወር አንድ ሰው ፍሪጅ ይዞ ደረጃ ሲወርድ የሁለተኛ ፎቅ ሠራተኛ አስቆመችው። «ጋሼ፣ የየትኛው ቤት ነው?» አለችው። ቤት የሚለቅ ተከራያችን ወንድም ነበር። ፍሪጁን መሬት አስቀምጦ ቤቱን ነገራት፣ እሷም ደውላ አረጋገጠች። ከዚያ የግራውንዱን ልጆች ጠርታ አብረው አወረዱለት።