ጉግል ማፕን ዝጉና የሰፈር ስም ተከተሉ

እሁድ ሲመጣ ሁሉም ሰው ከከተማ መውጣት ያምረዋል። ቢሾፍቱ፣ ሱሉልታ፣ አዳማ። ከዚያ የቤንዚን ሰልፍ አለ፣ መውጫው ላይ ዝግት ያለ መንገድ አለ፣ ማታ ሲመለሱ ደግሞ ያው ነው። ዘና ልበል ብሎ የወጣ ሰው ተናድዶ ይገባል። እኔ ይህን ከተውኩት ቆየሁ። በሩብ ታንክ ቤንዚን መሀል አዲስ አበባን እዞራለሁ፤ ከለገሃር እስከ ስድስት ኪሎ፣ ከቻልኩ በዋናው አስፋልት ሳይሆን በውስጥ ለውስጥ። የተወለድኩበት ከተማ ነው፣ ግን በወጣሁ ቁጥር ያላየሁት ነገር አይጠፋም።

እንዴት እንደምዞር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጉግል ማፕን ዝጉ። እሱ አጭሩን መንገድ ነው የሚፈልግላችሁ፣ ዛሬ ደግሞ አጭር መንገድ አንፈልግም። በሱ ፋንታ የሰፈር ስም ምረጡ። ግራ የሚያጋባ ስም ከሆነ የተሻለ ነው። ለገሃር ፈረንሳይኛ ነው፣ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ፒያሳ ጣሊያንኛ ነው፣ አደባባይ። ካዛንቺስ ግን የሚገርመኝ እሱ ነው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበራቸው፤ ኢንቺስ ራሱ ምህጻረ ቃል ነው። ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ፣ እኛ አፍ ላይ ሲደርስ ካዛንቺስ ሆነ። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ተባረረ፣ የቢሮ ምህጻረ ቃሉ ግን የሚኒባስ ረዳት የሚጮኽበት ሰፈር ሆኖ ቀረ። እንዲህ ዓይነት ስም አንድ ካገኛችሁ ለግማሽ ቀን ጉዞ ይበቃችኋል።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ብትነሱ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ከተማው የናንተ ነው። ከአራት በኋላ ቤተ ክርስቲያን የሄደው ይመለሳል፣ ሰርገኛው ይወጣል፣ በቃ። የሩጫ ውድድር ወይም ትልቅ በዓል ካለ ደግሞ መሀል ከተማ መንገድ ስለሚዘጋ ቀድማችሁ ጠይቁ። ክረምት ላይ ዳገቱ ያለ ኮብልስቶን ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው፣ በተለይ ጎማችሁ ካለቀ። ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው ምርጡ፤ አየሩ ጥርት ይላል፣ ከታች ከቸርችል ጎዳና ሆናችሁ እንጦጦን ቁልጭ አድርጋችሁ ታያላችሁ።

መኪናው ትንሽ ይሁን። ቪትዝ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፣ ላንድክሩዘር ይዛችሁ የውስጥ መንገድ ብትገቡ ግን ከፊት ለፊት ሌላ መኪና ሲመጣ መቶ ሜትር ወደ ኋላ ስትነዱ ነው የምትገኙት። ትርፍ ጎማችሁ አየር እንዳለው እዩ። እሁድ ጠዋት ክፍት ጎሚስታ ማግኘት ዕድል ነው።

ስለ ማቆሚያ አንድ ጊዜ የተማርኩትን ልንገራችሁ። አንድ አሮጌ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት አይቼ «ሁለት ደቂቃ ነው» ብዬ መንገድ ዳር አቆምኩና ወረድኩ። ሁለቱ ደቂቃ ሃያ ሆነ። ስመለስ መኪናው አለ፣ ታርጋው የለም። ተፈትቶ ተወስዷል። ቅጣቱ አይደለም ያበሸቀኝ፣ ታርጋውን ለማስመለስ ያጠፋሁት የሥራ ቀን ነው። አሁን ምልክቱን ሳላይ አልወርድም። የኮሪደር ልማት የነካቸው መንገዶች ላይ ደግሞ ጠርዝ ላይ ማቆም የሚባል ነገር እርሱት፤ ተቆጣጣሪ ያለበት ፓርኪንግ ፈልጋችሁ አቁሙና በእግር ሂዱ። ደረሰኙን አትጣሉት።

አሁን መንገዱ። እኔ ከታች ጀምሬ ወደ ላይ እወጣለሁ።

ለገሃር። አሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ አለ። ሁላችንም በታክሲ መስኮት አይተነዋል፣ ጥቂቱ ነው ቆሞ ያየው። በ1923 ዓ.ም ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የቆመ ነው። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ሮም ወሰደው። በ1930 ዓ.ም ዘርዓይ ደረስ እዚያው ሮም፣ በዚህ አንበሳ ፊት ነው ጣሊያኖች ላይ ሰይፉን የመዘዘው። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩ ገባ። ማለትም ይህ ሀውልት ከአብዛኞቻችን በፊት አውሮፓ ደርሶ መጥቷል።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከዚህ ጀምሮ አንበሳ አስቆጥሯቸው። ሁለተኛው ቅርብ ነው፤ ትንሽ ወደ ላይ፣ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት። እሱን ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ የቀረጸው ነው፣ ለንጉሡ 25ኛ የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ፀጉር የለው፣ ጡንቻ የለው፤ ድንጋዩ እንደ ተደራረበ ሣጥን ማዕዘን ማዕዘን ሆኖ ነው የተጠረበው፣ ከጎኑ ስታዩት አንበሳ መሆኑን ትጠራጠራላችሁ፣ ከፊት ስትመጡ ግን ያፈጥባችኋል። የለገሃሩን አንበሳ ካዩ በኋላ ወዲያው ይህን ማየት ነው የሚያስደስተው። ያው አንድ ንጉሥ፣ ያው አንድ አንበሳ፣ በሃያ አምስት ዓመት ልዩነት እንደዚህ ተለያየ።

ከዚያ ቸርችልን ይዛችሁ ወደ ላይ። ትግላችን ሐውልትን በግራ ታገኙታላችሁ፤ ሰሜን ኮሪያውያን ያገዙበት፣ 50 ሜትር የሚረዝም፣ በ1977 ዓ.ም የተመረቀ የደርግ ሥራ ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ማዘጋጃ ቤት ከነሰዓቱ ተቀምጧል፤ የሠራው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ነው፣ አፍሪካ አዳራሽም የሱ ነው።

ማዘጋጃው አጠገብ አቡነ ጴጥሮስ ቆመዋል። ጣሊያን በሐምሌ 1928 ዓ.ም የረሸናቸው ጳጳስ። ሀውልታቸው የቀላል ባቡሩ መስመር ሲሠራ ተነሥቶ ነበር፣ 2005 ላይ። በ2008 ወደ ቦታው ተመለሰ። እዚያ ቆማችሁ እግራችሁ ስር ባቡር እንደሚያልፍ አስቡት። ከእሳቸው ትንሽ ሄድ ብሎ ምኒልክ በፈረስ አሉ፤ ያም ሀውልት ጣሊያን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፣ ነጻነት ሲመለስ ተቆፍሮ ወጣ። አንዱ ሮም ሄዶ መጣ፣ አንዱ ተነሥቶ ተመለሰ፣ አንዱ ተቀብሮ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ ባለበት የቆየ ሀውልት መፈለግ ነው የሚያስቸግረው።

ፒያሳ ስትደርሱ መኪናውን አቁሙትና ቁርስ። ቶሞካ ቆማችሁ ማኪያቶ መጠጣት ትችላላችሁ፣ ወይም ጣይቱ ሆቴል ገብታችሁ በዚያ የሚንቋቋ ጣውላ ላይ መራመድ። ጣይቱ በምኒልክ ዘመን የተከፈተ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። በ2007 ጥር ላይ እሳት ጎድቶት ነበር፣ ተርፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዋሸት አልፈልግም። ስሙ የሚገርመው ሰፈር ሁሉ አሁን የለም። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፤ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብዛኛው ሄዷል። እሪ በከንቱ የተባለው ድሮ ሌባ ይዞህ ብትጮህም የሚደርስልህ የለም ለማለት ነው ይላሉ። አሁን ሰፊ መንገድ፣ አበባና መብራት ነው። ያምራል ወይስ አያምርም የሚለውን ለናንተ ልተወው፤ እኔ ግን ያን ጠባብ ቁልቁለት ሳላስበው አልፌ አላውቅም። ስለዚህ ስትዞሩ ስሙን ይዛችሁ ቦታውን ብታጡ አትደንግጡ። የሚያስታውስ ሰው ፈልጉ።

ሰው መጠየቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከመኪና ሳትወርዱ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ «እዚህ ሰፈር ምን የሚታይ ነገር አለ?» ካላችሁ «ምንም የለም» ነው የምትባሉት። ሰው የሚኖርበትን ቦታ ብርቅ አድርጎ አያየውም። ውረዱ። ጀበና ቡና ካለ ቁጭ በሉና አንድ ስኒ እዘዙ፣ ወይ ጫማችሁን አስጠርጉ፣ ከዚያ «ይህ ሰፈር ለምን እንዲህ ተባለ?» በሉ። ያኔ ነው ወሬው የሚፈስሰው፤ እንዲያውም ሁለት ሰው ይጣላበታል።

ለምሳሌ ሰባራ ባቡር። ከፒያሳ ወደ ሰሜን በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ስትወጡ ነው። ሐዲድ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ አየሁና ጠጋ አልኩ።

«አባባ፣ ባቡሩ የታለ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ተሰበረ እኮ፣ ልጄ። ስሙን አልሰማህም?»

ሳቅን። ከዚያ በዱላቸው አስፋልቱን መታ መታ እያደረጉ ነገሩኝ። ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመን በ1890ዎቹ መጨረሻ ለምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ፣ መንገድ የሚደለድል መኪና ነበር፤ ሰው «ባቡር» አለው፣ እዚህ ጋ ተበላሽቶ ቀረ፣ ሰፈሩም በሱ ተጠራ። የስሙን ነገር ሌላው ሌላ ይላል፣ እኔ የሳቸውን ነው የያዝኩት። ስነሳ «ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው፤ «መጀመሪያ ነጠላዬን ላስተካክል» አሉ። ጠይቃችሁ አንሱ፣ ሁሌም።

ፎቶ ካነሳን አይቀር፤ ቤተ መንግሥት፣ ወታደር፣ ኤምባሲና ድልድይ ጥበቃ ያለበት ቦታ ላይ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። «ለማስታወሻ ነው» የሚለው ማብራሪያ አይሠራም።

ስድስት ኪሎ የዚህ ጉዞ ቁንጮ ነው፣ ለኔ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለመግባት መታወቂያ ያዙ፣ መኪናውን ውጭ ተዉት። ግቢው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ግቢው ውስጥ ካለው ሙዚየም ፊት ለፊት ሜዳው ላይ አንድ ደረጃ አለ። የትም አያደርስም። ወደ ሰማይ እየተጠማዘዘ ይወጣና ያልቃል። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፣ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ ለቆየበት አንድ ዓመት። ልጆቹ ይቁጠሩት። ጫፉ ላይ ግን ምን ተቀምጧል? ትንሽ የይሁዳ አንበሳ። ንጉሡ ተመልሰው ሲገቡ ደረጃውን አላፈረሱትም፣ አናቱ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። ሦስተኛው አንበሳችሁ እሱ ነው። ከሦስቱም የምወደው እሱን ነው፤ መጠኑ ትንሽ፣ ስድቡ ትልቅ።

ስትመለሱ አምስት ኪሎ ላይ ቀስ በሉ፤ ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲው ፊት ለፊት የካርል ማርክስ ጭንቅላት አለ፣ ከቀይ ድንጋይ የተጠረበ፣ የምሥራቅ ጀርመን ስጦታ። የሌኒን ሀውልት በግንቦት 1983 ተገርስሶ ሲወድቅ ማርክስ ዝም ብሎ ተረፈ። ለምን እንደሆነ እኔ የራሴ ግምት አለኝ፤ ጢሙ ስለሚበዛ ባሕታዊ መስሏቸው ይሆናል።

ከአራት ኪሎ ቁልቁል ስትወርዱ የቤተ መንግሥቱን ቁልቁለት በዝግታ ጨርሱና ወደ ፍል ውሃ ታጠፉ። ከተማው እዚህ የተቆረቆረው በዚህ ሙቅ ውሃ ምክንያት ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው የወደዱት ቦታ ነው። አሁንም ከመሬት ስር ሙቁ እየወጣ ሰው ይታጠብበታል። እሁድ ከረፋዱ በኋላ ወረፋው ስለሚረዝም ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ፎጣና ነጠላ ጫማ ደግሞ ከቤት ይዛችሁ ውጡ።