የስኑከር ግጥሚያ ግምት ለምን ይሳሳታል? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የስኑከር (በጠረጴዛ ላይ ኳሶችን በዱላ እየመቱ ቀዳዳ ውስጥ በማስገባት ነጥብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ) ውድድሮችን በትጋት የሚከታተሉ ብዙ ሰዎች ተጫዋቾቹን ጠንቅቀው እያወቁ የሚሰጡት ግምት ግን ደጋግሞ ይሳሳትባቸዋል። ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥያቄያቸው ይጀምራል፤ «ማን ይበልጣል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ሲያገኙ እዚያው ያቆማሉ። ለግምት የሚጠቅመው ግን የተሻለው ተጫዋች በአንድ ፍሬም (ግጥሚያው ከሚከፋፈልባቸው ነጠላ ጨዋታዎች በአንዱ) ምን ያህል እንደሚበልጥና ግጥሚያው ስንት ፍሬም እንደሆነ አብሮ መጠየቅ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች በአብዛኛው ይህ ጥያቄ ሳይነሳ በመቅረቱ የሚመጡ ናቸው።

ምልክት፦ በአጫጭር ግጥሚያዎች ታላላቆቹ ተጫዋቾች ሳይታሰብ ይሸነፋሉ

መንስኤው የግጥሚያው ርዝመት ነው። በስኑከር አንድ ፍሬም በአንድ ስህተት ሊወሰን ይችላል። ለምሳሌ ተጫዋቹ ኳስ ስቶ ተራው ለተጋጣሚው በሚያልፍበት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ቀይ ኳሶች አራት ከሆኑ፣ ሊሰበሰብ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ 59 ነው፤ እያንዳንዱ ቀይ (1 ነጥብ) ተከትሎት ከሚገባው ጥቁር (7 ነጥብ) ጋር ስምንት ነጥብ፣ ስድስቱ ባለቀለም ኳሶች ደግሞ በድምሩ 27 ነጥብ ያስገኛሉና። ስለዚህ በዚያ ሰዓት በ60 ነጥብ የሚመራ ተጫዋች ፍሬሙን በተግባር ይዞታል፤ ተጋጣሚው ሊያንሰራራ የሚችለው የፋውል ነጥብ (መሪው ሕግ ሲጥስ ለእሱ የሚሰጥ ነጥብ) ካገኘ ብቻ ነው። ያንን 60 ነጥብ ደግሞ በደረጃ ዝቅተኛ የሆነው ፕሮፌሽናልም ቢሆን ባገኘው አንድ ዕድል በአንድ ብሬክ (ተራው ሳይቋረጥ በተከታታይ ኳስ በማስገባት) ሊሰበስበው ይችላል፤ ያን ጊዜ ኃያሉ ተጫዋች ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከመመልከት በቀር ማድረግ የሚችለው ነገር የለም።

አንድ ተጫዋች እያንዳንዱን ፍሬም የማሸነፍ ዕድሉ 55 በመቶ ነው እንበል። ቀድሞ አራት ፍሬም ያገኘ በሚያሸንፍበት ግጥሚያ የማለፍ ዕድሉ 61 በመቶ ገደማ ነው። አሥር ፍሬም የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ 67፣ 18 ፍሬም የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ወደ 72 በመቶ ከፍ ይላል። እያንዳንዱን ፍሬም የማሸነፍ ዕድሉ 60 በመቶ ቢሆን እነዚህ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 71፣ 81 እና 89 ይሆናሉ። ያው ተጫዋች ከያው ተጋጣሚ ጋር እየተጫወተ ግምቱ ይህን ያህል የሚለዋወጠው በርዝመቱ ምክንያት ብቻ ነው።

መፍትሄው ከስሞቹ በፊት የግጥሚያውን ርዝመት መመልከት ነው። በሼፊልድ ከተማ ክሩሲብል ቲያትር በሚካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያው ዙር ቀድሞ 10 ፍሬም ላገኘ፣ ሁለተኛው ዙርና ሩብ ፍጻሜው ለ13፣ ግማሽ ፍጻሜው ለ17፣ ፍጻሜው ለ18 ነው። በሹት አውት ውድድር ግን ግጥሚያው አሥር ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ፍሬም ብቻ ስለሆነ፣ ለማንም ቢሆን ከፍ ያለ እርግጠኝነት መስጠት ተገቢ አይደለም። ባለ አራት ፍሬም የምድብ ጨዋታ በሚደረግበት ሻምፒዮንሺፕ ሊግም 2 ለ 2 መለያየት አለ፤ እዚያ ሁለት ውጤት ብቻ አስቦ የሚገምት ሰው ከመነሻው ተሳስቷል።

ምልክት፦ የደረጃ ሰንጠረዡን ተከትለው የሰጡት ግምት በአዲስ ወይም ከውድድር ርቆ በተመለሰ ተጫዋች ይፈርሳል

የዓለም ደረጃ የሚሰላው ተጫዋቹ ባለፉት ሁለት ዓመታት በደረጃ ውድድሮች ባገኘው የሽልማት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ የሚናገረው ማን ብዙ ገንዘብ እንደሰበሰበ ነው፤ ዛሬ ማን የተሻለ እንደሚጫወት ከዚያ በቀጥታ ማንበብ አይቻልም። የዓለም ሻምፒዮናው አሸናፊ 500,000 ፓውንድ ስለሚያገኝ፣ ከዚያ ወዲህ አቋሙ ቢወርድ እንኳ ያ ገንዘብ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ከላይ ያቆየዋል።

ከዚህ የባሰው ግን ሰንጠረዡ ላይ ጭራሽ የሌለ ተጫዋች ሲመጣ ነው። ዣኦ ሺንቶንግ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ዓለም ሻምፒዮናው የገባው በእገዳ ምክንያት ከውድድር ርቆ ከቆየ በኋላ በአማተርነት፣ ከማጣሪያው መነሻ ጀምሮ ነበር። ደረጃን ብቻ ያየ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ነገር ግን ይህ ተጫዋች ከእገዳው በፊት በ2021 የዩኬ ሻምፒዮናን፣ በ2022 ደግሞ የጀርመን ማስተርስን ያሸነፈ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ሮኒ ኦሱሊቫንን 17 ለ 7፣ በፍጻሜው ማርክ ዊሊያምስን 18 ለ 12 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። መፍትሄው ደረጃን እንደ መነሻ ብቻ ወስዶ፣ ተጫዋቹ በቅርብ ወራት ያሸነፋቸውንና የተሸነፋቸውን ፍሬሞች መቁጠር፣ ቀጥሎም ደረጃው ዝቅ ያለበትን ምክንያት መጠየቅ ነው። ችሎታ አንሶት ዝቅ ያለና ሳይጫወት ቆይቶ ዝቅ ያለ ተጫዋች በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ።

ምልክት፦ «በጥሩ አቋም ላይ ነው» ያሉት ተጫዋች ወዲያው ይወድቃል

ጥቂት ፍሬሞች ብዙ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ። አንድ ተጫዋች ከመጨረሻዎቹ 30 ፍሬሞች 22ቱን ቢያሸንፍ 73 በመቶ ይሆናል፤ ይህን ቁጥር እንዳለ ለቀጣዩ ግጥሚያ መጠቀም ግን ትልቅ ስህተት ነው። እኔ የምመክረው ዘዴ ቀላል ነው፦ በቁጥሩ ላይ እኩል የተከፈሉ 20 ምናባዊ ፍሬሞች (10 ያሸነፋቸው፣ 10 የተሸነፋቸው) ይጨምሩ። ያን ጊዜ 32 ከ50፣ ማለትም 64 በመቶ ይሆናል። የተጋጣሚዎቹ ጥንካሬ ዝቅተኛ ከነበረ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያድርጉት። 20 የሚለው ቁጥር የተቀደሰ አይደለም፤ በራስዎ መዝገብ እያረጋገጡ ሊያስተካክሉት ይችላሉ።

በስርጭት ላይ የሚታየው ኳስ የማስገባት መቶኛም በተመሳሳይ መንገድ ያሳስታል፤ አስቸጋሪ ኳስ የማይሞክር ተጫዋች ከፍ ያለ መቶኛ ይዞ ሊሸነፍ ይችላል። ከዚያ ይልቅ የረጅም ርቀት ሙከራዎቹን ውጤትና ዕድል ባገኘ ቁጥር ስንት ነጥብ እንደሚሰበስብ ይመልከቱ። የሁለቱ ተጫዋቾች የቆየ የእርስ በርስ ታሪክ ግን በአብዛኛው ጥቂት ግጥሚያዎችን ብቻ ስለሚይዝ፣ ብዙ ክብደት ሊሰጠው አይገባም።

ምልክት፦ አሸናፊውን ያውቃሉ፤ ትክክለኛውን የፍሬም ውጤት ግን አያገኙም

ይህ ጉድለት አይደለም። እያንዳንዱን ፍሬም የማሸነፍ ዕድሉ 55 በመቶ የሆነ ተጫዋች ቀድሞ አራት ፍሬም ያገኘ በሚያሸንፍበት ግጥሚያ ላይ ከሁሉም ይበልጥ የሚጠበቅለት ውጤት 4 ለ 2 ቢሆንም፣ ዕድሉ ከ19 በመቶ በታች ነው። የውድድሩን ዋንጫ አንሺ መገመትም እንዲሁ ነው፤ በዓለም ሻምፒዮናው አምስቱንም ግጥሚያዎች በ70 በመቶ ዕድል የሚጫወት ሰው ዋንጫውን የማንሳት ዕድሉ 17 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ምልክት፦ በጨዋታው መካከል ግምትዎን ቀይረው ይጸጸታሉ

መንስኤው መሪውን ብቻ ተመልክቶ ለእያንዳንዱ ስንት ፍሬም እንደቀረው አለመቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሲ ጂያሁዊ ሉካ ብሬሰልን 14 ለ 5 መርቶ ነበር። ሲ ሦስት ፍሬም፣ ብሬሰል 12 ፍሬም ያስፈልጋቸዋል። ሁለቱ በፍሬም እኩል ናቸው ብለን ብናሰላ ብሬሰል የማሸነፍ ዕድሉ 0.65 በመቶ፣ ማለትም ከ150 ጊዜ አንዴ ያህል ነበር። ብሬሰል 17 ለ 15 አሸንፎ በፍጻሜው ማርክ ሴልቢን 18 ለ 15 ረታ። ይህን ያየ ሰው «መሪነት ምንም አይደለም» ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል፤ ከአንድ በመቶ በታች የሆነ ነገርም አልፎ አልፎ ይደርሳል። መፍትሄው ለእያንዳንዱ የቀረውን የፍሬም ብዛት ጽፎ፣ ከግጥሚያው በፊት ያሰቡትን ፍሬም የማሸነፍ ዕድል ይዞ እንደገና ማስላት ነው። ያንን ዕድል በጥቂቱ ማሻሻል የሚገባው ተጫዋቹ መታመሙ ወይም የኳስ ቁጥጥሩን ማጣቱ በግልጽ ከታየ ነው።

ምልክት፦ ግምትዎ ጥሩ ይሁን መጥፎ ማወቅ አይችሉም

ይህ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻ ነው፤ መዝገብ የሌለው ገማች የተሳካለትን ያስታውሳል፣ የሳተውን ይረሳል። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ግምትዎን በመቶኛ ይጻፉ። ውጤቱ ሲታወቅ በግምቱ (70 በመቶ ከሆነ 0.70) እና በውጤቱ (ካሸነፈ 1፣ ከተሸነፈ 0) መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ ያባዙት፤ ይህ የብራየር ነጥብ ይባላል፣ አነስተኛ ሲሆን ይሻላል። 70 በመቶ የሰጡት ተጫዋች ካሸነፈ ነጥቡ 0.09 ነው፤ 95 በመቶ የሰጡት ከተሸነፈ ግን ከ0.90 ይበልጣል። ሁልጊዜ 50 በመቶ የሚል ሰው 0.25 ያገኛል፤ የእርስዎ አማካይ ከዚህ ካልቀነሰ ሥራዎ በዘፈቀደ ከመገመት አይለይም። በቂ ግጥሚያዎች ከተሰበሰቡ በኋላ 80 በመቶ አካባቢ ያሏቸውን ለብቻ ይለዩ፤ ከእነርሱ መካከል ያሸነፉት 65 በመቶ ያህል ብቻ ከሆኑ፣ ከፍ ያሉ ግምቶችዎን ሁሉ ወደ 50 በመቶ ጠጋ አድርገው በአዲሱ መጠን ይቀጥሉ።