ብሮማይዱ የት ገባ? የከርሰ ምድር ውሃ ፍሰት ሙከራ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ምልክት፦ የተበከለውን ውሃ ለማጽዳት ከመነሳታችሁ በፊት ፍሰቱን ልትፈትሹ ብሮማይድ (ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚጓዝ ለመከታተያ የሚያገለግል ንጥረ ነገር) ጨምራችኋል። ወራት አልፈዋል፤ ውሃው ይሄድበታል ባላችሁት አቅጣጫ ያለው ጉድጓድ ግን ምንም አያሳይም።

ላቦራቶሪውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ውሃው በእርግጥ ወደዚያ ጉድጓድ እንደሚሄድ አረጋግጡ። አቅጣጫን ከመሬቱ ቁልቁለት መገመት የተለመደ ስህተት ነው። አቅጣጫው ልክ ቢሆንም ብሮማይዱ ከስክሪኑ (ውሃ ወደ ጉድጓዱ ከሚገባበት ቀዳዳ ያለው የቧንቧ ክፍል) በታች ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በማሳቹሴትስ፣ ኬፕ ኮድ ባካሄደው ሙከራ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ብሮማይድ ያለበት ውሃ ከአካባቢው ውሃ ስለሚከብድ መጀመሪያ ወደ ታች ሰጠመ፣ ከዚያም ወደ ጎን እምብዛም ሳይሰፋ በ461 ቀናት 200 ሜትር ያህል ተጓዘ። ሊያገኙት የቻሉት በየጥልቀቱ ናሙና የሚቀዱ ከ650 በላይ መሣሪያዎች ስለተከሉ ነው። ያን ያህል አቅም የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ቢያንስ ግን በፍሰቱ አቅጣጫ ፊት ለፊት ተቀራርበው የተደረደሩ፣ በሁለት ሦስት ጥልቀት የሚቀዱ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ።

ምልክት፦ በጉድጓዶቹ ውስጥ የተለካው የውሃ ከፍታ ዛሬ ወደ ምሥራቅ፣ በሳምንቱ ወደ ደቡብ ያመለክታል።

በኬፕ ኮድ የውሃው ወለል ቁልቁለት በኪሎ ሜትር 1.5 ሜትር ገደማ ነበር። በ20 ሜትር ርቀት ይህ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የኬዚንጉ (የጉድጓዱ መከላከያ ቧንቧ) አናት ከፍታ በ2 ሴንቲ ሜትር ተሳስቶ ከተለካ አቅጣጫው ይዛባል። የኬዚንጎቹን አናት በሌቭል (የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) እንደገና ለኩ። በአንድ መስመር ላይ ያልተሰለፉ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶችን፣ ስክሪናቸው ተመሳሳይ ጥልቀት ላይ ያለውን፣ በአንድ ቀን ለኩ። በአቅራቢያው የሚሠራ ፓምፕ ካለም መዝግቡ።

ምልክት፦ በስሌት ያገኛችሁት ፍጥነት ከብሮማይዱ ፍጥነት ያንሳል።

ይህኛው የሚያናድድ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም አንዲት ማካፈል ብቻ ተረስታለች። የኬፕ ኮድ አሸዋ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በቀን 110 ሜትር ገደማ ነው። በ0.0015 ቁልቁለት ሲባዛ በቀን 0.165 ሜትር ይሆናል። ውሃ የሚያልፈው ግን በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ብቻ ነው። ክፍተቱ 39 በመቶ ስለሆነ ለ0.39 ሲካፈል በቀን 0.42 ሜትር ይሆናል፤ ብሮማይዱም የተጓዘው በዚሁ ፍጥነት ነው። ይህን የረሳ ሰው ብክለቱ ወደ መጠጥ ውሃ ጉድጓድ የሚደርስበትን ጊዜ ከእጥፍ በላይ ያራዝመዋል፤ ያንን ውሃ የሚጠጡት ደግሞ ሰዎች ናቸው።

እንደ አቃቂ ባለ የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ይህን ስሌት ብቻውን አትመኑት። ውሃው በስንጥቆች በኩል ከአማካዩ እጅግ ፈጥኖ ሊሮጥ ይችላል፤ እዚያ መከታተያ ንጥረ ነገር ጨምሮ መፈተሽ ግድ ነው።

ምልክት፦ ፓምፑ ሲሠራ ብክለቱ ቀንሶ ነበር፤ ሲቆም ተመልሶ ወጣ።

በሸክላ ንብርብር ውስጥ የሰረገው ብክለት ቀስ እያለ ወደ አሸዋው እየተመለሰ ነው፤ ወይም እንደ ትራይክሎሮኤቲሊን (የብረት ቅባት ማጽጃ ኬሚካል) ያለ ከውሃ የሚከብድ ፈሳሽ ታች ተኝቷል። ተጨማሪ ፓምፕ አትግዙ። የሸክላውን ናሙና በኮር (ሳይበታተን በቧንቧ ተቆፍሮ የሚወጣ ናሙና) አውጥታችሁ አስመርምሩ፤ ምንጩ ከተገኘ ሥራው እሱን ማውጣት ወይም ባለበት ማፍረስ ነው።