ክፍት የሥጋ ሳንድዊች፦ የሥራ ቀን እራታችሁን የሚያበላሹ ስህተቶች

አንድ ቁራጭ ዳቦ ከታች፣ የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ ከላይ፣ ከሥጋው በላይ ቺዝ፣ ከዚያ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ክፍት ሳንድዊች ይኸው ነው። የሚከደንበት ዳቦ የለውም። ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው እንዲህ የሚመች እራት ጥቂት ነው። ሥጋው ከቀለጠ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ሆኖም ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ዳቦው ይረሰርሳል። ሥጋው ቡናማ መሆን ሲገባው አመድማ ይሆንና ጣዕም ያጣል። አንስታችሁ ልትጎርሱት ስትሉ ግማሹ ሳህኑ ላይ ይዘረገፋል። የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ፤ የአብዛኞቹ ምንጭ ግን አንድ ነው፦ መላ ያላበጀንለት ውሃ። ሥጋው ውሃ ያወጣል፣ ሽንኩርቱ ያወጣል፣ ቲማቲሙም እንደዚያው። ዳቦው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይመጥጣል።

ሥጋውን ጠረጴዛ ላይ ማቅለጥ

ጠዋት ከፍሪዘር አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መሀሉ ገና በረዶ ሳለ ዳሩ ይሞቃል። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዋዜማው ማታ ወደ ፍሪጅ አውርዱት። ከረሳችሁት ውሃ በማያስገባ ፌስታል አሽጋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ውሃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሩ። ግማሽ ኪሎ በአንድ ሰዓት ገደማ ይቀልጣል፤ እንደቀለጠም ወዲያው ጥበሱት።

ከመጀመሪያው ሥጋውን ፌስታል ውስጥ ስስና ጠፍጠፍ ያለ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት ደግሞ በጣም ቶሎ ይቀልጣል። ትልቅ ድቡልቡል አድርጎ ማስቀመጥ ለራስ ሥራ ማብዛት ነው።

ስቡን ሁሉ መፍራት

ምንም ስብ የሌለው ሥጋ ለዚህ ምግብ አይመከርም። ሲጠበስ ይደርቃል፣ ፍርፍር ይላል፣ ዳቦው ላይም አይቆምም። ከ15 እስከ 20 በመቶ ስብ ያለው የተሻለ ነው። ትርፉን ስብ ከተጠበሰ በኋላ ማንሳት ትችላላችሁ። ለሽንኩርቱ የሚሆን አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል አስቀሩና ሌላውን በአሮጌ ቆርቆሮ ወይም ጣሳ አጠራቅሙ። የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋና ቧንቧውን ይደፍነዋል።

ሥጋ ማጠብም የሚያስፈልግ ነገር አይደለም። ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ሲረጭ ግን ወደ እቃውና ወደ ማጠቢያው ያዛምተዋል። በዚያ ላይ ሥጋው ይረጥባል።

መጥበሻውን ማጨናነቅና ያለ እረፍት ማማሰል

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው ስህተት ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ አስተካክላችሁ ይህን ብትስቱ ምግቡ ጣዕም አይኖረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሥጋ ደግሞ ቡናማ ቅርፊትና ያንን ደስ የሚል ሽታ የሚያገኘው ገጹ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። መጥበሻው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ የሚያልቀው ውሃውን በማትነን ነው፤ ሥጋው ከ100 ብዙ ማለፍ አይችልም። ያን ጊዜ ሥጋው ተጠበሰ አይባልም፤ ተቀቀለ እንጂ። በጠባብ መጥበሻ ላይ ብዙ ሥጋ ስትከምሩ የሚሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ሰፊ መጥበሻ ያዙ። 28 ወይም 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጥሩ ነው። መጀመሪያ መጥበሻውን በደንብ አሙቁ፣ ጠብታ ዘይት ጨምሩ፣ ከዚያ ሥጋውን በስሱ ዘርጉት። ግማሽ ኪሎ ከሆነ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ጥበሱ። አምስት ደቂቃ ይጨምርባችኋል፤ የጣዕሙ ልዩነት ግን ሰፊ ነው።

ከዘረጋችሁት በኋላ ተዉት። እጃችሁ ማማሰያ ላይ ይቸኩላል፤ ቢሆንም ሦስት አራት ደቂቃ አትንኩት። የታችኛው ገጽ በደንብ ሲቀላ ገልብጡትና በማንኪያ ጠርዝ ሰባብሩት። እያንዳንዱ ፍርፋሪ ቡናማ መሆን የለበትም። አንድ ወገኑ በደንብ ከቀላ ጣዕሙ ለሁሉም ይዳረሳል።

ውሃ አቁሮ ካገኛችሁት እሳቱን ከፍ አድርጉና ጠብቁ። ጆሯችሁን ስጡት። ውሃ እያለ ድምፁ የመንተክተክ ነው። ውሃው ሲያልቅ ወደ ቸስታ ይለወጣል። መጥበስ የሚጀምረው ያኔ ነው።

መብሰሉን በቀለም መለካት

ድፍን ሥጋ ላይ ባክቴሪያ ያለው በአብዛኛው ከላይ ነው። ሲፈጭ ግን የላዩ ከውስጡ ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ ነው የተፈጨ ሥጋ እስከ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ ያለበት። ቀለም አያስተማምንም፤ እዚያ ሙቀት ሳይደርስ ቡናማ የሚሆን ሥጋ አለ። የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ ሥጋውን ወደ አንድ ጥግ ሰብስባችሁ መሀሉን ለኩ።

ጥሬ ሥጋ ዳቦ ላይ ለቅልቆ በቀጥታ ኦቨን ውስጥ የማስገባት አሠራርም አለ። ለሥራ ቀን አልመክረውም። ሥጋው ወፈር ካለ መሀሉ ሳይበስል የዳቦው ጠርዝ ያርራል። ስቡና ውሃውም መሄጃ ስለሌለው በቀጥታ ዳቦው ውስጥ ይገባል።

ሁሉንም አንድ ላይ መጨመር

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የቲማቲም ድልህና ሥጋ በአንድ ጊዜ መጥበሻው ላይ ሲወርዱ ሽንኩርቱ ውሃ ያወጣና ሥጋውን ይቀቅለዋል። ነጭ ሽንኩርቱም አንዳንዴ ጥሬ ይቀራል፣ አንዳንዴ አርሮ ይመርራል።

ተራውን ጠብቁ። ሥጋው ተጠብሶ ይውጣ። በቀረው ስብ ላይ ሽንኩርቱን እስኪለሰልስ አቁላሉት፤ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ፣ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ያልሞላ ጊዜ ይበቃዋል። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምራችሁ ቀለሙ ጠቆር እስኪል አማስሉት። ሳይጠበስ ከቀረ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ይጎመዝዛልም። አሁን ሥጋውን መልሱ።

ቀጭን መረቅ

ሥጋው ለብቻው ደረቅ ነው፤ ዳቦው ላይ ተያይዞ እንዲቀመጥ ጥቂት መረቅ ይፈልጋል። ችግሩ መረቁ ሲቀጥን ነው። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነስንሳችሁ ለአንድ ደቂቃ አማስሉ። ከዚያ ግማሽ ኩባያ ውሃ ወይም የሥጋ መረቅ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ማንኪያውን በመጥበሻው መሀል ስትጎትቱ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ክፍት ሆኖ ከቆየ ደርሷል። ወዲያው ከተከደነ ገና ነው።

ጨውን ለመጨረሻ አቆዩት። መረቁ ሲወፍር ጨዉ ይጠነክራል፤ ቺዙም የራሱን ጨው ይዞ ይመጣል። ቁንዶ በርበሬም እዚህ ላይ ነው።

ለስላሳ ዳቦ፣ ያውም ሳይጠበስ

ስስና ለስላሳ የቶስት ዳቦ ይህን ሸክም አይችልም። በደቂቃ ውስጥ ይላቁጣል። ቅርፊቱ ጠንከር ያለ ዳቦ ምረጡና ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ሰጥታችሁ ቁረጡት። የትናንት ዳቦ ከዛሬው ይሻላል፤ እርጥበቱን ቀንሷል።

ሁለቱንም ፊት ጥበሱ። ብዙ ሰው የላዩን ብቻ ያቀላና የታችኛው ፊት በእንፋሎት ይረጥብበታል። ከዚያ የላይኛውን ፊት እስከ ጠርዙ ድረስ ቅቤ በስሱ ቀቡት። ስብ ውሃ ስለማያሳልፍ ዳቦውን ይጠብቀዋል። እኔ የምወደው ግን ቺዙን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ከሥጋው በታች ማንጠፍ ነው። ሲቀልጥ ሥጋው ዳቦውን ይዞ እንዲቆይ ያደርገዋል።

ደግሞም ቀድማችሁ አትደራርቡ። ሥጋው ዳቦው ላይ የሚወጣው ሁሉም ሰው ለመቀመጥ ሲዘጋጅ ነው።

ግሪል ከፍቶ ዞር ማለት

ግሪል፣ ማለትም የኦቨኑ የላይኛው እሳት፣ ቀልድ አያውቅም። ቺዙ ከመቅለጥ ወደ ማረር የሚሄደው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ትሪውን ከእሳቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር አርቁ፤ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በቂ ነው። ከኦቨኑ ፊት አትራቁ። ሥጋውን እስከ ዳር ድረስ ዘርጉት፤ መሀል ላይ ከተከመረ የተገለጠው ጠርዝ ያርራል። የመጋገሪያ ወረቀት ግሪል ስር እሳት ሊይዝ ስለሚችል አታንጥፉ።

ተፈግፍጎ የታሸገ ቺዝ እንዳይጣበቅ ስታርች ይነሰነስበታል፤ ስለዚህ እንደልብ አይቀልጥም። ራሳችሁ ብትፈገፍጉት ይሻላል። ትኩስ ቲማቲምና ሰላጣ ደግሞ ከኦቨን ከወጣ በኋላ ነው የሚደረበው።

ኦቨን ከሌላችሁ ቺዙን መጥበሻው ላይ ባለው ሥጋ ላይ በትኑት፣ እሳቱን አጥፉ፣ ለሁለት ደቂቃ ክደኑት። ሲቀልጥ ጭልፋችሁ ዳቦው ላይ አድርጉ። ዳቦውን መጥበሻ ውስጥ አትክደኑ፤ እንፋሎቱ ያላቁጠዋል።

የተረፈውን እንደተደራረበ ማስቀመጥ

ሥጋው ከተረፈ ለብቻው በመያዣ አድርጋችሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ አስገቡት። ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ስትፈልጉት 74 ዲግሪ እስኪደርስ በደንብ አሙቁት፤ ደርቆ ከሆነ አንድ ማንኪያ ውሃ ጣል አድርጉበት። ዳቦውን የዚያኑ ሰዓት አዲስ ጥበሱ።