የፋይናንስ ቀውስ ሲያሰጋ ቤተሰብ እንዴት ይዘጋጅ?

ባንኮች ተቸግረዋል፣ ገበያው ሊወድቅ ነው፣ ገንዘብ ዋጋ ሊያጣ ነው የሚል ወሬ ሲበረታ አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ቀውሱ መቼ እንደሚመጣ ነው። ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ ሰው የለም። የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ በኖቬምበር 2008 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤትን በጎበኙ ጊዜ፣ ይህን የሚያህል ነገር ሲመጣ ያየ ሰው እንዴት ጠፋ ብለው የጠየቁት ሙያቸው ይኸው የሆነውን ምሁራን ነበር። ስለዚህ ቀኑን ለመገመት የሚባክነውን ሐሳብ፣ ቀውሱ ቢመጣ የራስን ቤት በምን በኩል እንደሚነካ ለማወቅ ማዋል ይሻላል። ይህኛው ጥያቄ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ለተቀመጠ ሰው መልስ አለው።

ቀውስ ተራው ሰው ዘንድ የሚደርሰው ባብዛኛው በአራት መንገድ ነው፦ ገቢ ይቋረጣል ወይም ይቀንሳል፤ የብድር ክፍያ ይከብዳል፤ ባንክ ያለ ገንዘብ ለጊዜው አይወጣም ይባላል፤ ወይም ገንዘቡ በእጅ እያለ የመግዛት አቅሙ ይመነምናል። የቤትና የአክሲዮን ዋጋ መውደቅ የዜናውን ሰዓት ቢሞላውም፣ ለመሸጥ ያልተገደደ ሰው የዋጋ መውደቅን ሊያሳልፈው ይችላል። ቤተሰብን የሚያናጋው ደመወዝ በቆመበት ወር የብድር ክፍያ ስለደረሰ ብቻ፣ ገዢ በጠፋበት ጊዜ ያለውን በርካሽ አሳልፎ ለመስጠት መገደዱ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት እርምጃዎች ሁሉ ዓላማቸው አንድ ነው፤ በክፉ ቀን ላለመሸጥ የሚያስችል ፋታ ማግኘት።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ማስፈር

አንድ ነጭ ወረቀት ይውሰዱና ገቢ ቢቆም እንኳ የማይቀሩትን ወጪዎች ብቻ ይጻፉ፦ የቤት ኪራይ ወይም የቤት ብድር፣ ምግብ፣ መብራትና ውሃ፣ ትራንስፖርት፣ መድኃኒት፣ የሌሎች ብድሮች ወርሃዊ ክፍያ፣ ለወላጅ ወይም ለዘመድ በየወሩ የሚላክ ድጋፍ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጡት፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ክፍያና የመድን ዐረቦን፣ በየወሩ ስለማይታዩ በቀላሉ ይረሳሉ፤ የዓመቱን ድምር ለ12 አካፍሎ ከወርሃዊው ጋር መደመር ያስፈልጋል። በወረቀቱ ጀርባ ደግሞ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ እጅ ሊገባ የሚችለውን ገንዘብ ብቻ ይመዝግቡ። በጊዜ ገደብ የተቀመጠና ያለ ቅጣት የማይወጣ ገንዘብ፣ ለወዳጅ ያበደሩት ገንዘብ፣ ቤት፣ መኪናና ጌጣጌጥ በዚህ ገጽ ላይ ቦታ የላቸውም።

የጀርባውን ድምር ለፊተኛው ሲያካፍሉት የሚገኘው ቁጥር ቤተሰቡ ያለ ገቢ ስንት ወር መቆየት እንደሚችል ያሳያል። የማይቀረው ወጪ በወር 20,000፣ ወዲያው የሚገኘው ገንዘብ 30,000 ከሆነ መልሱ አንድ ወር ተኩል ነው፤ ቤተሰቡ ሚሊዮኖች የሚያወጣ ንብረት ቢኖረውም መልሱ ያው አንድ ወር ተኩል ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ይህ ቁጥር ነው፤ ድንጋጤው ግን ከወሬ ድንጋጤ ይለያል፣ ምክንያቱም ሊሠራበት ይችላል።

የተለመደው ምክር ከ3 እስከ 6 ወር የሚያቆይ መጠባበቂያ መያዝ ነው። መለኪያው ለሁሉም እኩል አይሠራም። ገቢው ወር ከወር የሚዋዥቅ ነጋዴ ወይም በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ቋሚ ደመወዝ ካለው የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ማጠራቀም የሚከብደውም እሱኑ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ድርጅት የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ደመወዝ ቢያገኙም ለቀውስ ጊዜ ያላቸው አንድ ገቢ ነው ብለው ቢያስቡ ይሻላል። ቁጠባን በሚሠሩበት ድርጅት አክሲዮን ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ አደጋውን እጥፍ ያደርገዋል። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዲሴምበር 2001 ሲከስር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹ ሥራቸውን አጡ፤ የጡረታ ቁጠባቸውን በኩባንያው አክሲዮን ይዘው የቆዩት ደግሞ ቁጠባቸውም አብሮ ጠፋ።

ዕዳውን መመርመር

ከቁጠባ ይልቅ ጠንከር ያለ ትኩረት የሚሻው ዕዳ ነው። የብድር ውል ሲፈረም ብዙ ሰው የሚያየው የወለዱን መጠንና ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ስለሆነ፣ ውሉን ካለበት አውጥቶ እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚፈለገው ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ፣ ተለዋዋጭ ከሆነስ አበዳሪው በምን ምክንያትና በምን ያህል ጊዜ ማስታወቂያ ሊለውጠው ይችላል የሚለው ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ20 ዓመት የሚከፈል የ100,000 ብድር ወለዱ በዓመት 8 በመቶ ሲሆን ወርሃዊ ክፍያው 836 ገደማ ነው፤ ወለዱ ወደ 11 በመቶ ከፍ ቢል ክፍያው 1,032 ገደማ ይሆናል። የሦስት በመቶ ነጥብ ጭማሪ ትንሽ ይመስላል፤ በየወሩ የሚከፈለውን ግን ወደ አንድ አራተኛ በሚጠጋ መጠን ያሳድገዋል። ውሉ ተለዋዋጭ ወለድ ያለው ከሆነ የመጀመሪያውን ወረቀት በዚህ በከበደው ክፍያ እንደገና ማስላት ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብድሩ በየትኛው ገንዘብ ነው የሚለው ነው። በሃንጋሪና በፖላንድ ብዙ ቤተሰቦች ወለዱ ዝቅተኛ ስለነበረ የቤት ብድራቸውን በስዊስ ፍራንክ ወሰዱ፤ ደመወዛቸው ግን በአገራቸው ገንዘብ ነበር። ከ2008 በኋላ ፍራንኩ እየጠነከረ ሲሄድ፣ አንድም ክፍያ ያላጓደለ ተበዳሪ ሳይቀር ዕዳው በራሱ ገንዘብ ሲተመን ከተበደረው በላይ ሆኖ አገኘው። በጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ የፍራንኩን ምንዛሪ መገደቡን ሲያቆም የፖላንድ ተበዳሪዎች ሸክም በአንድ ቀን ጨመረ። ገቢ በሚገኝበት ገንዘብ ካልሆነ በስተቀር አለመበደር፣ ተበድሮ ከሆነም ቀውሱ ሳይጀምር ውሉን ለመለወጥ መደራደር ያዋጣል።

ሦስተኛው፣ አንድ ክፍያ ቢያልፍ ምን እንደሚከተል ነው፤ ቅጣቱ ስንት ነው፣ መያዣው በስንት ወር ውስጥ ሊሸጥ ይችላል፣ የዕፎይታ ጊዜ መጠየቅ ይፈቀዳል ወይ? ክፍያ ሊያቅት እንደሚችል የታወቀ ዕለት ወደ አበዳሪው ቀርቦ ማነጋገር፣ ክፍያ ካለፈ በኋላ ተጠርቶ ከመሄድ የተሻለ ቦታ ይሰጣል። ለዘመድ ወይም ለጓደኛ ብድር የፈረሙት ዋስትና ካለም ከዕዳ ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት፤ ዋናው ተበዳሪ ሥራ የሚያጣውና ዋሱ ሥራ የሚያጣው ብዙ ጊዜ በአንድ ሰሞን ነውና።

እዚህ ላይ ከተለመደው ምክር የምለይበት አንድ ነጥብ አለ። ዕዳ መቀነስ መልካም ነው ተብሎ ያለውን ጥሬ ገንዘብ በሙሉ የረጅም ጊዜ የቤት ብድርን ቀድሞ ለመክፈል ማዋል በቀውስ ዋዜማ አደገኛ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ የተከፈለውን ገንዘብ ባንኩ በችግር ወር አይመልሰውም፤ የሚቀጥለውን ወር ክፍያም ብዙውን ጊዜ አያስቀርም። ወለዱ የሚያቃጥለውን የአጭር ጊዜ ዕዳ መዝጋት፣ የቤት ብድሩን ግን በወቅቱ እየከፈሉ መጠባበቂያውን ማሳደግ የተሻለ ቅደም ተከተል ይመስለኛል።

ገንዘቡ የተቀመጠበትን ቦታ ማወቅ

የተቀማጭ ገንዘብ መድን ባለባቸው አገሮች ባንክ ቢወድቅም እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ያለው ገንዘብ ለአስቀማጩ ይመለሳል። በአሜሪካ በ1933 በሺዎች የሚቆጠሩ ባንኮች ከወደቁ በኋላ የተቋቋመው የመድን መሥሪያ ቤት ዛሬ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 250,000 ዶላር ይሸፍናል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ጣሪያው 100,000 ዩሮ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ማጣራት ያስፈልጋል፦ በሚኖሩበት አገር እንዲህ ያለ መድን አለ ወይ፣ ጣሪያው ስንት ነው፣ ገንዘቡ የተቀመጠበት ተቋምስ በእርግጥ አባል ነው ወይ? በአንድ ባንክ ሦስት ቅርንጫፎች ሒሳብ መክፈት ሦስት ሽፋን አያስገኝም፤ የሚቆጠረው እንደ አንድ ነው።

ጣሪያው ተራ የወረቀት ጉዳይ አለመሆኑ በማርች 2013 በቆጵሮስ ታይቷል። የመጀመሪያው ሐሳብ ከትንንሽ አስቀማጮችም ጭምር እንዲቆረጥ ነበር፤ ፓርላማው ውድቅ አደረገው። በመጨረሻ ከ100,000 ዩሮ በታች ያላቸው ገንዘባቸው ሲተርፍላቸው፣ በባንክ ኦፍ ሳይፕረስ ከዚያ በላይ የነበራቸው ግን ከጣሪያው በላይ ካለው ገንዘባቸው 47.5 በመቶ የሚሆነው ወደ ባንኩ አክሲዮን ተቀየረባቸው። ከፍ ያለ ወለድ እየሰጡ ገንዘብ የሚሰበስቡ፣ ባንክ የሚመስሉ ነገር ግን ባንክ ያልሆኑ ተቋማት ደግሞ ከዚህ ሽፋን ውጭ ናቸው። በዲጂታል ገንዘብ ላይ ከፍተኛ ወለድ ይከፍል የነበረው ሴልሺየስ በጁን 2022 ደንበኞቹ ገንዘባቸውን እንዳያወጡ ከልክሎ በተከታዩ ወር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ገንዘብ ሳይጠፋም ላይገኝ ይችላል። በግሪክ ባንኮች ከጁን 29 እስከ ጁላይ 20 ቀን 2015 ተዘግተው ሰው ከማሽን ማውጣት ይችል የነበረው በቀን 60 ዩሮ ብቻ ነበር፤ በአርጀንቲና በዲሴምበር 2001 የተጣለው ገደብ በሳምንት 250 ፔሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በሒሳቡ 50,000 ያለውም 500 ያለውም የሚቆሙት አንድ ሰልፍ ላይ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት አስፈላጊ ወጪ ጋር የሚመጣጠን ጥሬ ገንዘብ፣ በትንንሽ ኖቶች፣ ቤት ውስጥ መያዝ ለዚህ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማከማቸት ሌባን፣ እሳትንና የዋጋ ግሽበትን በአንድ ላይ መጋበዝ ነው። ሁለት የተለያዩ ባንኮች ዘንድ ሒሳብ መያዝም በአንዱ ሲስተም ሲቋረጥ ወይም ሲዘጋ ሌላው እንዲያገለግል ያስችላል።

ሁሉንም በአንድ ነገር ላይ አለማዋል

ሁሉም ቀውስ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዋጋ እየወረደ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ሲጠቀም ባለዕዳው ተሰቃየ፤ በ1923 በጀርመን ደግሞ የወረቀት ገንዘብ ዋጋ ቢስ ሆኖ ቆጣቢው ባዶ እጁን ቀረ። አንዱን ዓይነት ብቻ ጠብቆ ያለውን ሁሉ ወደ ወርቅ፣ ወደ ውጭ ምንዛሪ ወይም ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚያዞር ሰው ዝግጅት ሳይሆን ውርርድ ነው የያዘው። ወርቅ ራሱ በ2008 ቀውስ ውስጥ፣ ማርች ላይ ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረው አንዱ አውንስ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወደ 700 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር። በኋላ ቢያገግምም በዚያ ወር ለመሸጥ የተገደደውን አልጠቀመም።

አክሲዮን ላይ ያለ ገንዘብ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የማይፈለግ ብቻ መሆን አለበት። የአሜሪካ ዋና ዋና አክሲዮኖች መለኪያ ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 ከግማሽ በላይ ወርዶ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ2013 ነበር፤ ከ1929ኙ ውድቀት በኋላ ግን ዳው ጆንስ የተባለው ሌላው የአሜሪካ አክሲዮን መለኪያ ወደ ከፍታው ለመመለስ እስከ 1954 ድረስ 25 ዓመት ወስዶበታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ለልጅ ትምህርት የሚያስፈልግ ገንዘብ እዚያ ካለ፣ ማውጣት የሚሻለው ገበያው ሳይናወጥ ነው።

ወሬውን ማጣራት

በዲሴምበር 1973 በጃፓን ተማሪዎች ባቡር ውስጥ ያደረጉት ጨዋታ ከአፍ ወደ አፍ ተዛምቶ፣ ምንም ያልሆነው ቶዮካዋ ሺንኪን የተባለ የቁጠባ ተቋም ደጃፍ ላይ ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሰልፈው ነበር። በማርች 9 ቀን 2023 ደግሞ የሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በስልካቸውና በኮምፒውተራቸው በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ፤ ባንኩ በማግሥቱ ተዘጋ። የመጀመሪያው መሠረት የሌለው ወሬ ሲሆን ሁለተኛው እውነተኛ ችግር ነበረው፤ ውጭ ለቆመ ሰው ግን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ መልእክት ሲደርስ ቀኑን ማየት፣ የማዕከላዊ ባንኩንና የባንኩን ይፋዊ መግለጫ ማንበብ፣ የተቀመጠው ገንዘብ ከመድኑ ጣሪያ በታች መሆን አለመሆኑን ማስታወስ ይቀድማል። ጣሪያውን አስቀድሞ ያከበረ ሰው ወሬው እውነት ቢሆን እንኳ የሚያሳስበው ለጥቂት ቀናት ገንዘብ ማጣት ብቻ ነው፤ ለዚያም ቤት ያለው ጥሬ ገንዘብ አለለት።

ስልክ ደውሎ «ሒሳብዎ አደጋ ላይ ስለሆነ ገንዘቡን ወደዚህ አስተማማኝ ሒሳብ ያዛውሩ» የሚል ሰው፣ የባንኩን ስምና የእርስዎን ሙሉ ስም ቢጠራም፣ አጭበርባሪ ነው። ስልኩን ዘግቶ በባንክ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ራስ መደወል ይገባል። ይህን በተለይ በዕድሜ ለገፉ ወላጆች ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

በመጨረሻ የሚቀረው ሥራ የግማሽ ቀን ነው። የመጨረሻዎቹን የባንክ ሒሳብ መግለጫዎች፣ የብድርና የመድን ውሎችን፣ የቤትና የመኪና ሰነዶችን ኮፒ፣ እንዲሁም ያንን የወጪ ወረቀት በአንድ ፋይል አድርጎ ከቤተሰቡ ቢያንስ ሁለት ሰው በሚያውቀው ቦታ ማስቀመጥ ነው። የሒሳብ መግለጫው በወረቀት መታተሙ ሲስተም ሲቋረጥ ወይም ባንክ በሌላ ሲጠቀለል ምን ያህል እንደነበረ ለማስረዳት ይረዳል። ፋይሉ በየስድስት ወሩ ይታደስ፤ ሥራ ሲቀየር፣ አዲስ ብድር ሲፈረም ወይም ልጅ ሲወለድ ደግሞ ስድስት ወሩ ሳይጠበቅ።