የግራፊክ ኖቭልን ሥዕላዊ ትረካ ስንተነትን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ግራፊክ ኖቭል፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎችና በጽሑፍ ስለሚተረክ መጽሐፍ፣ የሚጻፉ ብዙ ትንተናዎች ታሪኩን በሰፊው ካወሩ በኋላ ሥዕሉን «ውብ ነው» ብለው ያልፉታል። ሥዕሉን የታሪኩ ማጀቢያ አድርጎ ማየት ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ነው። እዚህ የጥበብ ዘርፍ ውስጥ ሥዕሉ ራሱ ይተርካል፤ አንዳንዴም ጽሑፉ የሚለውን ያስተባብላል። ገጸ ባሕርይዋ «ደህና ነኝ» እያለች ጣቶቿ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድደው ከያዙ፣ እውነቱ ያለው ጣቶቿ ላይ ነው። ንግግሯን ብቻ የጠቀሰ ተንታኝ ውሸቷን አምኖ ይቀራል። በንግግር ፊኛዎቹ (የገጸ ባሕርያቱ ንግግር በሚጻፍባቸው ክቦች) ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሸፍናችሁ ገጹን ተመልከቱ፤ ቀጥሎ ጽሑፉን ብቻ አንብቡ። ሁለቱ ለየብቻ የማይሰጡት፣ ሲገናኙ ብቻ የሚወለድ ትርጉም ካለ፣ ሊተነተን የሚገባው እሱ ነው።

ሌላው ስህተት አንድ ያማረ ፓነል መርጦ፣ ማለትም አንዱን ክፈፍ ከገጹ ነጥሎ፣ እሱን ብቻ መተንተን ነው። አንባቢ ገጹን ሲገልጥ መጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ሙሉው ገጽ ነው፤ ፓነሎቹን በየተራ የሚያነበው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በ12 ክፍሎች የወጣው «ዋችመን» የተባለው ግራፊክ ኖቭል የገጽ አቀማመጡ መሠረት ዘጠኝ እኩል ፓነሎች ናቸው። አንባቢው ይህን ምት ከለመደ በኋላ ትልቅ ፓነል ሲመጣበት እርምጃው ድንገት ይገታል። ያን ፓነል ቆርጦ ብቻውን ያየ ሰው ድንጋጤው ከየት እንደመጣ ማስረዳት አይችልም። በዚሁ ሥራ አምስተኛ ምዕራፍ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ አቀማመጥ ከመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር እያለ እንደ መስታወት ነጸብራቅ ይመላለሳል። በስልክ ፓነሎቹን አንድ በአንድ እየነጠሉ የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ይህን ይሰውሩታል። ለትንተና ገጹን በሙሉ የሚያሳይ እትም ያስፈልጋል።

የፊልም ቋንቋን እንዳለ መዋስም ያሳስታል። «ካሜራው ይጠጋል» ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ ግን ካሜራ የለም። በፊልም ያለፈው ምስል ከዓይናችን ይጠፋል፣ የእይታው ፍጥነትም የሚወሰነው በሠሪው ነው። ገጽ ላይ ግን ያለፈውም የሚመጣውም አብረው ተዘርግተዋል፤ ፍጥነቱም በከፊል በአንባቢው እጅ ነው። ሠዓሊው ጊዜን የሚገዛው በፓነሉ ስፋት፣ በፓነሎቹ ብዛት፣ በጽሑፉ ርዝመት፣ ገጹ የሚገለጥበትንም ቦታ በመምረጥ ነው። በቀኝ ገጽ ግርጌ ላይ የተከፈተ በር ውስጡ ያለውን ለማየት ገጹን ግለጥ ይላል። «ጠጋ ብሎ የተሣለ ፊት» ማለት ምንም ስህተት የለውም፤ ነገር ግን ያ ፊት ለምን ጠባብና ረጅም ፓነል ውስጥ እንደገባ ካልጠየቅን ትንተናው ግማሽ ነው።

በፓነሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት መርሳትም አለ። ሰይፉ በአንዱ ፓነል ላይ ተነስቶ በሚቀጥለው ጩኸት ብቻ ከታየ፣ ምቱን የፈጸመው የአንባቢው ምናብ ነው። የኮሚክስ (የሥዕላዊ ታሪክ) ሠዓሊና ተንታኙ ስኮት መክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ሥራው ከፓነል ወደ ፓነል የሚደረጉ ሽግግሮችን በስድስት መድቧቸዋል። ምደባው ጠቃሚ ነው፤ ብዙዎች ግን «ይህ ከድርጊት ወደ ድርጊት ነው» ብለው ስም ከሰጡ በኋላ ያቆማሉ። ስም መስጠት መነሻ ነው። ሠዓሊው ምኑን ደበቀ? አንባቢው ባዶውን ሲሞላ ምን ዓይነት ተባባሪ ሆነ? እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው ፍሬ የሚያፈሩት።

ለምልክቶች ቋሚ ፍቺ መስጠት በተለይ ሊጠነቀቁለት ይገባል። ቀይ ሁልጊዜ ቁጣ አይደለም፤ ጥቁርና ነጭም ሁልጊዜ ሐዘን አይደለም። ቀለም ትርጉሙን የሚያገኘው እዚያው ሥራ ውስጥ የት እንደታየና የት እንደጠፋ በማየት ነው። የደራሲው አባት ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፈበትን ታሪክ በሚተርከው በአርት ስፒገልማን «ማውስ» አይሁዶቹ አይጦች፣ ጀርመኖቹ ድመቶች፣ ፖላንዳውያኑ አሳማዎች ሆነው ተሥለዋል። እዚህ ላይ የቆመ ተንታኝ ዋናውን ነገር አልፎታል። የደራሲው አባት ፖላንዳዊ መስሎ ሲንቀሳቀስ ፊቱ ላይ የአሳማ ጭንብል ያጠልቃል። በሁለተኛው ቅጽ ደግሞ ደራሲው ራሱን የሣለው የአይጥ ጭንብል በክር ያሰረ ሰው አድርጎ ነው። ሥራው የራሱን ምልክት እየፈተነው፣ ሰውን በዘር መመደብ እንዴት የተጠለቀ ነገር እንደሆነ እያሳየ ነው። ምልክቱ የሚሰነጠቅበትን ገጽ መፈለግ ምልክቱን ከመፍታት የበለጠ ፍሬ ያስገኛል ብዬ አምናለሁ።

ሥራውን ሁሉ ለጸሐፊው መስጠትም ተገቢ አይደለም። «ዋችመን»ን የጻፈው አለን ሙር ነው፤ የሣለውና የፊኛዎቹን ጽሑፍ በእጁ የጻፈው ዴቭ ጊበንስ ነው፤ ቀለሙ የጆን ሂጊንስ ነው። ስለ ቀለም እያወራን ሙርን ብቻ ማመስገን የሌላውን ድካም መውሰድ ነው።

በመጨረሻ እትሙን አጣሩ። ማንጋ የሚባለው የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ቀደም ባሉት ዓመታት ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ግን ብዙ ጊዜ ገጾቹ እንደ መስታወት ነጸብራቅ ቀኝና ግራቸው ተገልብጦ ይታተሙ ነበር። በእንዲህ ዓይነት እትም ቀኝ እጁ የነበረው ግራ እጁ ሆኗል። የገጸ ባሕርይውን አቅጣጫ ከመተርጎማችሁ በፊት የያዛችሁት ቅጂ ሠዓሊው የሣለው መሆኑን አረጋግጡ።